አውግስጦስን ፍለጋ በሮም

ላርጎ አርጀንቲና የሮም መሃል ከተማ ነው። አውቶቡስና ትራም ይተራመስበታል። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የፈረሱ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ በየዓምዱ ሥር ድመቶች ተኝተዋል። የሮም ገዥ የነበረው ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 በጩቤ ተወግቶ የወደቀው እዚህ ነው። በየገናው «ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣች» ተብሎ ሲነበብ የምንሰማው አውግስጦስ ያኔ ኦክታቪያን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ዓለሙን ሁሉ ለማዘዝ እንዴት በቃ? ይህን ይዤ ነው ከተማዋን በእግሬ የዞርኩት።

ቄሳር በኑዛዜው ልጄ ብሎታል፤ አብዛኛውን ሀብቱንም አውርሶታል። ከገንዘቡ ይልቅ የጠቀመው ስሙ ይመስለኛል። የሟቹ ወታደሮች ቄሳር የሚባል ሰው ሲመጣላቸው ተከተሉት። ማንም ሳይሾመው በ19 ዓመቱ የግል ጦር አቋቋመ።

ፎረም በሚባለው የጥንቷ ሮም አደባባይ ውስጥ ብዙ የቆምኩት ንግግር ይደረግበት በነበረው መድረክ ፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ኦክታቪያንና የቄሳር የጦር አለቆች የነበሩት ማርክ አንቶኒና ሌፒደስ ሥልጣን ተከፋፍለው የሚገደሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር አወጡ። የገደለ ይሸለማል፤ የሟች ንብረት ይወረሳል። ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ወጣቱን በሮም ሸንጎ (ሴኔት) ፊት ደግፎ የቆመለት እሱ ነበር። ጭንቅላቱና እጆቹ ተቆርጠው በዚሁ መድረክ ላይ ተሰቀሉ። በአውግስጦስ ዘመን ሰፈነ የሚባለው ሰላም ሲወደስ ይህ ቦታ አብሮ መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

በ31 ደግሞ ኦክታቪያን የቀድሞ የሥልጣን ተካፋዩን አንቶኒንና የግብፅን ንግሥት ክሊዮፓትራን አክቲየም ላይ በባሕር ድል ነሳ። በዓመቱ ግብፅን ያዘ። ግብፅ ማለት እህልና ወርቅ ነበረች። የሸንጎ አባላት ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይገቡባት ከልክሎ በራሱ ሰው አስተዳደራት።

ከፓላቲን ኮረብታ ቁልቁል ሰርከስ ማክሲመስ የሚባለው የጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ይታያል። አውግስጦስ ከግብፅ ያስመጣውን ሐውልት ያቆመው እዚያ ነበር፤ ዛሬ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ላይ ይገኛል። ከዚሁ ሜዳ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1937 የአክሱምን ሐውልት አስተከለ። ሐውልታችን በ2005 ወደ አገሩ ቢገባም ቦታውን ሳይ አንጀቴ አረረ። ሙሶሊኒ አዲሱ አውግስጦስ መባል ይፈልግ ነበር። የተሸነፈን አገር ሐውልት ነቅሎ ሮም ላይ መትከልም የዚያ ምኞት አካል ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው ግን ቲበር ወንዝ አጠገብ፣ የሰላም መሠዊያው በሚገኝበት ሙዚየም ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። አውግስጦስ ስለ ራሱ ያስጻፈው ጽሑፍ በላቲን ተቀርጾበታል። መንግሥቱን ለሸንጎና ለሕዝብ መለስኩ፤ በክብር ከሁሉ በለጥኩ እንጂ ሥልጣኔ ከባልደረቦቼ አይበልጥም ይላል። ሲሴሮን አያነሳም። አንቶኒንም በስሙ አይጠራም።

እውነት ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 መልሻለሁ ብሏል። ሸንጎው ግን አውግስጦስ የሚል ስም ጨምሮ፣ አብዛኛው ጦር የሰፈረባቸውን ግዛቶች ሰጠው። በ23 ደግሞ የሕዝብ ጠበቃ የነበረውን የትሪቡን ሥልጣን ያዘ፤ ሹመቱን ሳይሆን ሥልጣኑን ብቻ። በዚህም ሸንጎ መጥራት፣ ሕግ ማቅረብና የሌላውን ውሳኔ መሻር ቻለ። ንጉሥ ነኝ አላለም። ሮማውያን ንጉሥ የሚለውን ስም ይጠሉ ነበር፤ ቄሳርንም ያስገደለው ይኸው ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ቆንስል የሚባለው ከፍተኛ ሹመትም፣ ሸንጎውም፣ ምርጫውም በስም ቀጠሉ። ወታደሩን ደግሞ አልረሳም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6 የጡረተኛ ወታደሮች ግምጃ ቤት አቋቋመ። ወታደር ጡረታውን ከማን እንደሚያገኝ ካወቀ፣ ለማን እንደሚታመንም ያውቃል።

መቃብሩ ከሙዚየሙ ማዶ ነው፤ ሰፊ ክብ ግንብ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ14 ሲሞት የጉዲፈቻ ልጁ ጢባርዮስ የትሪቡኑንም የጦሩንም ሥልጣን አስቀድሞ ይዞ ነበር። ሸንጎው ተሰብስቦ የቀረውን ሁሉ አጸደቀለት።