ሊንከን በመጽሐፍና በፊልም

የዶሪስ ከርንስ ጉድዊንን የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከንን ታሪክ ሰሞኑን አንብቤ ስለ ጨረስሁ፣ በከፊል በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን የስቲቨን ስፒልበርግን ፊልም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተመለከትሁት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው መጽሐፍ ዋና ጉዳይ፣ ሊንከን በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የተፎካከሩትን ሴዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን በካቢኔው ሰብስቦ፣ ንቀታቸውን ችሎ እንዴት እንዳሠራቸው ነው። ፊልሙ ግን ባርነትን የሻረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት በ119 ለ56 ድምፅ በጸደቀበት በጃንዋሪ 1865 ላይ ያተኩራል፤ በዚያን ጊዜ ቤትስ ሥልጣኑን ለቆ፣ ቼዝም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ስለ ነበር፣ ከተቀናቃኞቹ የምናገኘው ሴዋርድን ብቻ ነው።

ይህን ማጥበብ አልነቅፈውም። ድምፅ ለማግኘት ሹመት እንደ እጅ መንሻ ሲቀርብ ማየት፣ ሊንከን ቅዱስ ብቻ ሳይሆን ብልጥ ፖለቲከኛም እንደ ነበር ከብዙ ምዕራፍ ይልቅ ያስረዳል። ሊንከንን ሆኖ የተጫወተው የዳንኤል ዴይ ሉዊስ ቀጭን ድምፅም (የዘመኑ ሰዎች እንደ መሰከሩት) ከገጽ ላይ የማይገኝ ነገር ነው።

ያልወደድሁት ሁለት ነገር ነው። አራቱም የኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ተወካዮች ማሻሻያውን ደግፈው ሳለ፣ ፊልሙ ሁለቱን ተቃዋሚ አድርጎ ማቅረቡ ለትዕይንት ተብሎ የተከፈለ አላስፈላጊ ዋጋ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ኋይት ሀውስ ገብቶ ከሊንከን ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር የምናገኘው፣ ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ ስለ ባርነት መሻር በሚተርክ ፊልም ውስጥ ጨርሶ አለመታየቱ ነው።