ኮሌስትሮል ብቻውን አይደለም፤ ስለ ደም ቧንቧ መቆጣት

ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት በ52 ዓመቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲያጋጥመው፣ ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ ከሁለት ወር በፊት የተመረመረው ኮሌስትሮል «ደህና ነው» ተብሎ መመለሱ ነበር። የጠየቅኋቸው የልብ ሐኪም «ያ ቁጥር የሚነግረን ስለ ስቡ ነው፤ ቧንቧው መቆጣቱን አይነግረንም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ መቆጣት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ።

ብዙዎቻችን ስብ በደም ቧንቧ ውስጥ ልክ እንደ ወጥ ቤት ማፍሰሻ ቱቦ የሚጋገር ይመስለናል፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን በግድግዳው ውስጥ ነው። ኮሌስትሮል ተሸካሚው ኤልዲኤል ስሱን የውስጥ ሽፋን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይቀርና ይበላሻል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል፤ እነርሱም ስቡን እስኪያብጡ ድረስ ውጠው ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንኑ መቆጣት ነው። ቁስልን ለማዳን የተሰጠን ይህ ኃይል መንስኤው ሳይወገድ ለዓመታት ሲቀጥል፣ በክምችቱ ላይ የተሠራውን ጠንካራ ሽፋን የሚያሳሱ ኢንዛይሞች ይመነጫሉ፤ ሽፋኑ በተቀደደ ጊዜም ደም እዚያው ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ቧንቧውን እምብዛም ያላጠበበ ክምችት እንኳ ሰውን በድንገት ሊጥል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ይህን ሕመም ከብግነት ጋር አያይዞት ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ብዙ ዘግይቷል። ለእኔ ትልቁን ክብደት የያዘው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ካንቶስ የተባለ ጥናት ነው። ቀደም ሲል የልብ ሕመም ያጋጠማቸውና የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒ በደማቸው ከፍ ያለባቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፣ ካናኪኑማብ የተባለው መርፌ ኤልዲኤልን ሳይቀንስ ብግነቱን በማብረድ ብቻ፣ በ150 ሚሊግራም መጠን ሲሰጥ፣ ዳግም የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና ከልብና ከደም ቧንቧ የሚመጣ ሞትን በድምሩ በ15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሆኖም ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ስላበዛ፣ ጠቅላላውን የሞት ቁጥርም ስላልቀነሰ ዋጋ አስከፍሏል። ለሪህ የሚሰጠው ርካሹ ኮልቺሲን በ2019 እና በ2020 በወጡ ጥናቶች ጥቅም አሳይቶ፣ በ2024 በወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ግን አላሳየም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ይህን ሁሉ ይዘው «ኮሌስትሮል ውሸት ነው፤ ስታቲኑን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን መድኃኒት) ጣሉ» የሚሉ ሰዎች መብዛታቸው ነው። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። እሳቱን የሚጭረው ያው በግድግዳው ውስጥ የሚከማቸው ስብ ሲሆን፣ በካንቶስ ከተሳተፉት መካከል አብዛኞቹም ስታቲን ይወስዱ ነበር፤ ስታቲን ራሱ ከኤልዲኤል በተጨማሪ ሲአርፒንም ይቀንሳል።

ሲጋራ፣ የሆድ ስብ፣ የስኳር በሽታና የከረመ የድድ ሕመም ከብግነት ጋር ይያያዛሉ። ወንድሜ ለ30 ዓመት ያጨስ ነበር፤ አሁን ትቷል፣ ስታቲኑንም ይወስዳል። ካገገመ ከወራት በኋላ ሲአርፒው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘና ደነገጥን፤ ሐኪሙ ግን በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት እንደነበር ሲሰሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም አዘዙ፤ ማንኛውም ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። ሲደገም ወርዶ ተገኘ።