ጋርኔቱን ከእናት ዐለቱ አትለዩት

ለጂኦሎጂ ትምህርት የሚሆን ድንጋይ ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰበ ሰው ችግሩ ተራራው ላይ የሚጠብቀው ይመስለዋል፤ እኔም ከመነሳቴ በፊት የጠየቅኋቸው ሁሉ ያስጠነቀቁኝ ስለ ገደልና ስለ በረዶ ብቻ ነበር። ስለ ጭነቱ ወረቀት ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም ነገር የተበላሸው ደግሞ እዚያ ነው።

ቦታው በደቡብ ስዊዘርላንድ፣ በቲቺኖ ካንቶን፣ ከኪሮኒኮ መንደር በላይ የሚገኘው አልፔ ስፖንዳ ነው፤ ከፍታው ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ፈቃድ አወጣሁ፤ በተራራ ተጓዦች ማደሪያ አደርሁ፤ ከፒዞ ፎርኖ ተራራ ሥር ከተከመረው ናዳም መረጥሁ። መዶሻ አልያዝሁም፤ ሺስት የተባለው ይህ ድርብርብ ዐለት በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ መዶሻ ከሚያወጣው የሚያበላሸው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የድንጋዩ መደብ ፓራጎናይት የተባለው፣ ሶዲየም ያለበት ነጭ ሚካ ነው፤ ሚካ በስስ ቅጠል የሚላቀቅ ማዕድን ነው። በዚያ በሚያብረቀርቅ መደብ ላይ ሰማያዊ የካያናይትና ጥቁር ቡናማ የስታውሮላይት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ በመካከላቸውም የሽምብራ ፍሬ የሚያክሉ ቀያይ ጋርኔቶች፣ ብረት የሚበዛባቸው አልማንዲኖች፣ ተሰክተዋል። በአገር ቤት ጂኦሎጂ የሚያስተምረው ወዳጄ ይህን የፈለገው ሦስቱን በአንድ ድንጋይ ላይ ለማሳየት ነው። የጂኦሎጂ ተመራማሪው ጆርጅ ባሮው እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች በስኮትላንድ ደጋማ ምድር ያጠናው ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከጭቃ በተገኘ ዐለት ውስጥ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጋርኔት፣ ስታውሮላይትና ካያናይት ተራ በተራ መታየታቸው፣ ለተማሪዎቹ ከሥዕል ያላለፈ ነገር ነበር። ካያናይት ደግሞ ከአንዳሉሳይትና ከሲሊማናይት ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካዊ ቅንብር አለው፤ ሦስቱ ተስማምተው የሚኖሩት 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 4 ኪሎባር ግፊት ገደማ ላይ ብቻ ሲሆን ከዚያ ውጭ ማን እንደሚተርፍ የሚወስኑት ሙቀቱና ግፊቱ ናቸው። ስለዚህ ድንጋዩ የሚናገረው ማዕድናቱ አብረው ሲታዩ ነው፤ ለየብቻቸው ሲሆኑ አብዛኛው ነገር ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። የጭነት ወኪሉ ሠራተኛ በይዘት መግለጫው ላይ በብዛት የሚታወቀውን የማዕድን ስም ብቻ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ «የሺስት ናሙና» የሚለውን ሰርዞም «ጋርኔት» አስባለኝ። ጋርኔት በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ውስጥ አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው ዕቃ አይደለም። ለብርጭቆ ወረቀትና ለመሳሰለው መፋቂያ የሚውለው በቁጥር 2513 ሥር፣ ለጌጥ የሚሆነው በ7103 ሥር፣ ለክምችት የሚያዝ የማዕድን ናሙና ደግሞ በ9705 ሥር ይመደባል። ባዶውን «ጋርኔት» ያነበበው የጉምሩክ መርማሪ ዕቃውን ከጌጥ ድንጋይ መደበውና ክብደቱ በካራት እንዲገለጽ ጠየቀ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ የእኔ ድንጋይ ግን በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር።

ወዳጄ ለማስረዳት ወደ ቢሮው ሄደ። ድንጋዩ ለማስተማሪያ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው ጋርኔት ለቀለበት የማይበቃ እንደሆነ፣ የሚፈለገውም ከነጓደኞቹ እንደሆነ በትዕግሥት ተናገረ። «መምህር፣ እኛ ድንጋይ አንመዝንም፤ የምንመዝነው ጌጡን ነው» አሉት። ከዚያም አንዱ ሠራተኛ ካቻቪቴ አምጥቶ ጋርኔቶቹን እየፈነቀለ አወጣቸው።

ጋርኔት ጥንካሬው የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞስ መለኪያ ከ7 በላይ ስለሆነና በተወሰነ ገጽታ የመሰንጠቅ ጠባይ ስለሌለው ራሱ ብዙም አልተጎዳም፤ ለስላሳው ሚካም አሥራ ሁለት ገጽ ያላቸውን ጉድጓዶች ትቶ ለቀቀው። የተሰባበረው ካያናይቱ ነው፤ በርዝመቱ አቅጣጫ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ማዕድን ስለሆነ አጠገቡ የገባውን ብረት አልቻለም። ስታውሮላይቱን ግን ማንም አልነካውም፤ ስሙ ከጌጥ መዝገብ ስላልተገኘ ይመስለኛል። በመጨረሻ የተፈነቀሉት ጋርኔቶች ተመዘኑ፤ ደብዛዛና ስንጥቅ የበዛባቸው ስለሆኑ ዋጋ የላቸውም ተባለ፤ ድንጋዩም ለመጋዘን የቆይታ ክፍያ ተከፍሎበት ተለቀቀ። ዋጋ የለውም ለማለት ያንን ሁሉ ማፍረስ ያስፈለገበትን ምክንያት አሁንም የነገረኝ የለም።

የጠፋው መልኩ ብቻ አይደለም። ሚካው ጋርኔቱን ዙሪያውን አቅፎ ከታጠፈ ክሪስታሉ ሚካው ከመታጠፉ በፊት እንዳደገ ይታወቃል፤ ጋርኔትና የሚነካው ባዮታይት የተባለ ጥቁር ሚካ ባሉበት ሺስት ደግሞ ብረትና ማግኒዚየም የተካፈሉበትን መጠን በመለካት ዐለቱ የደረሰበት ሙቀት ይሰላል። በፌስታል የታሰረ ልቅ ጋርኔት ጎረቤት የለውም።

ስለዚህ ወኪሎች የሚሰጡትን መመሪያ በግማሹ አትቀበሉ። «እያንዳንዱን ማዕድን ለይታችሁ አሽጉ» ይላሉ፤ እኔ ፈጽሞ አትለዩ እላለሁ። በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ «ለማስተማሪያ የሚሆን የሺስት ዐለት ናሙና፣ 9705» ብላችሁ ጻፉ፤ ጋርኔትን ጨምሮ የማዕድናቱን ስም ሳትደብቁ በተያያዘው ደብዳቤ ዘርዝሩ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የመሰብሰቢያ ፈቃዱን ቅጂና ከማስመሪያ ጋር የተነሣ ፎቶግራፍ ከሣጥኑ ውጭ ለጥፉ። ከሁሉም ይልቅ የሚሻለው ግን ድንጋዩን ከሻንጣ ጋር ይዞ ራስ መጓዝ ነው፤ ካቻቪቴው ሲመጣ «ቆይ!» የሚል ሰው ቆሞ መገኘት አለበት። ሁለተኛውን ናሙና እንዲህ አድርጌ አደረስሁት፤ አንድ ፍሬም አልወጣበትም። ለመጋዘኑ የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ ያስገባነው ማመልከቻ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።