ሲሞቅ የሚጠፋው ቀኙ ሲሊንደር

ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል) ስፈታና ስገጥም ሰነበትኩ። ጋራዤ ውስጥ ያለችው ሞተር ሳይክል ሆንዳ ሲቢ 350 ናት፣ የ1971 ምርት። ስሟ 350 ይበል እንጂ የሁለቱ ሲሊንደሮቿ ድምር 325 ሲሲ ነው። ቀዝቅዛ ስታድር አንድ ርግጫ ይበቃታል። ሩብ ሰዓት ያህል ከነዳኋት በኋላ ግን ድምፅዋ ይሰባበርና አቅም ታጣለች። አንዱ ሲሊንደር ጠፍቷል ማለት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ። ግራው ላይ ያረፈው ጭስ ብሎ ወዲያው ተነነ፤ ቀኙ ላይ ያረፈው ቀስ ብሎ ደረቀ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡሬተር ስላለው ቀኙን ካርቡሬተር ጠረጠርኩ። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የነሐስ ቀዳዳዎች በፈሳሽ አጥቤ በአየር ነፋሁ። (ሽቦ አታስገቡባቸው። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ የቤንዚኑ መጠን ይዛባል።) ለውጥ የለም። የግራና የቀኝ ካንዴላዎችን አቀያየርኩ፤ ቀኙ እንደገና ጠፋ።

መልሱን ያገኘችው ልጄ ናት። ኮንታክት ፖይንቶቹ፣ ማለትም ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሆነው የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኙትና የሚያቋርጡት፣ ያሉት በሲሊንደር ራስ ግራ በኩል፣ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ጫፍ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና ጨለማው እንዲረዳን መብራቱን እንድታጠፋ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየችና «አባዬ፣ አንዱ ብቻ ነው እኮ ብልጭ ብልጭ የሚለው!» አለች። እውነቷን ነበር። አንደኛው ጸጥ ብሎ ይከፈታል ይዘጋል፤ ሌላው ላይ ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል።

ያ ብልጭታ መታየት ያለበት ካንዴላው ጋ ነው። ፖይንቱ ሲከፈት በማቀጣጠያው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት መቋረጥ አለበት፤ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚወልደው ይህ ድንገተኛ መቋረጥ ነው። ከፖይንቱ ጋር የተያያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ኮንደንሰሩ፣ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ እንዳያልፍ ይይዘዋል። የደከመ ኮንደንሰር ቀዝቃዛ ሳለ ሥራውን ይሠራና ሲሞቅ ይከዳል። ሩብ ሰዓቱ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለካ ቤንዚኑ ምንም አላጠፋም።

አዲስ ኮንደንሰር ከገጠምኩ በኋላ የተቃጠለውን ፖይንት ለወጥኩ። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ነው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቭ ክፍተት፦ ማስገቢያው 0.05፣ ማስወጫው 0.10 ሚሊሜትር። ከዚያ የፖይንት ክፍተት፣ ከ0.3 እስከ 0.4፤ እኔ 0.35 ላይ አቆምኩት። የማቀጣጠያው ሰዓት (ካንዴላው ብልጭ የሚልበት ቅጽበት) ከዚያ በኋላ ነው፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ፖይንቱ የሚከፈትበት ቅጽበትም ይለወጣልና። ካርቡሬተር መንካት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ሦስት ሳምንት ከሰርኩ።

ስለ ብሎኖቹም ልንገራችሁ። የድሮ የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ራስ ያላቸው ብሎኖች ከተለመደው የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጋር አንድ ይመስላሉ እንጂ ቅርጻቸው ይለያል። ፊሊፕሱ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላው ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የፖይንቱን ክዳን አንድ ብሎን እንዲህ አድርጎ አበላሽቶት ስለነበር፣ እሱን ለማውጣት ብቻ አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል። ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ካቻቢቴ ያዙ፤ ለእነዚህ ሞተሮች ከሁሉ በፊት የሚገዛ መሣሪያ እሱ ነው።

ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳኋት። ስመለስ ልጄ የውሃ ጠርሙሷን ይዛ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሞተሩን ሳላጠፋ ሁለቱም ቱቦዎች ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ግራውም ቀኙም እኩል ጭስ አሉ።