«ድሮም ይሄ ዘር አውሬ ነው»
ዛሬ ጠዋት ደሴ ሆጤ አካባቢ ከግቢ ያመለጠ ጀርመን ሸፐርድ ውሻ የጎረቤታችንን ልጅ ባቱን ነከሰው። «አብሽር የኔ ጌታ» እያልን ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

ሰዉ ሁሉ «ድሮም ይሄ ዘር አውሬ ነው» ይላል። እኔ ግን የውሻውን አንገት አይቻለሁ፤ ሰንሰለቱ ጸጉሩን ልጦ ቆዳውን አቁስሎታል። ሲታሰርና ሲደበደብ ነው ያደገው። ዘሩ እኮ እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን ውስጥ ከበግ ጠባቂ ውሾች የወጣ ነው!

ባለቤቱን «ጋሼ፣ ተከትቧል?» ብላቸው «የግቢ ውሻ ምን ክትባት ያስፈልገዋል?» አሉኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጁን ገና ተከታታይ መርፌ ይጠብቀዋል።

ማታ ልጠይቀው ስሄድ «ውሻውን ሊገድሉት ነው እንዴ?» አለኝ።