ጉሙና የድንጋዩ ደወል

ይህን ምስክርነት መስጠት የነበረብኝ ድሮ ነው። እምዬ፣ አያቴ፣ «የተደረገልህን መመስከርም ከስለቱ ይቆጠራል» ትለኝ ነበር። የስለቱን ነገር ዘግይቼም ቢሆን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ይኼኛው ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምት ማለት መንዝ ማለት ነበር። ሰኔ መጨረሻ ካርድ እንቀበላለን (ደረጃዬን አትጠይቁኝ)፣ በሳምንቱ አባቴ አውቶቡስ ያሳፍረኛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ሻይ በዳቦ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ከመደረሱ በፊት መኪናው ወደ ግራ ይታጠፍና ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ከዚያ ወዲያ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ሹራቤን የምደርበው ሁልጊዜ እዚያች መታጠፊያ ላይ ነበር።

የእምዬ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ከጓሳ የታጨደ ሳር ነው። ውስጡ የኩበት ጭስ ይሸታል። ዛሬም አንድ ቦታ ኩበት ሲነድ ከሸተተኝ ቆም እላለሁ። ማታ መደብ ላይ ደበሎ ይነጠፋል፣ ባና እንለብሳለን። ባናው ይኮሰኩሳል፣ ግን አይበርድም። የአጎቴ ልጅና እኔ አንድ ባና ስር ሆነን የጅብ ድምፅ እንቆጥራለን። አምስት ከሞላ «ዛሬ ሰርግ አላቸው» እንላለን።

ጫማዬን የማወልቀው በደረስኩ ቀን ነው። ለእንቁጣጣሽ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እግሬ አይገባበትም። ቀኑን ሙሉ በግ ጥበቃ ነው። የበግ ጥበቃ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጨዋታ ነው። በኪስ የገብስ ቆሎ፣ በወገብ በሶ። ነሐሴ ሲገባ ለቡሄ ጅራፍ እንገምዳለን። የኔ ጅራፍ አንድም ቀን በደንብ ጮሆ አያውቅም፤ የአጎቴ ልጅ ሲያጮኸው ግን ገደሉ ይመልስለታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በመንጋ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሳር ይነጫሉ፣ እኛን ከቁም ነገር አይቆጥሩንም። ሲመሽ አንድ ባንድ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። የሚያድሩት እዚያ ነው። አያቴ፣ አባባ፣ ገና በመጀመሪያው ክረምት የነገረኝ ነገር ነበር፦ «ሲመሽ የጭላዳ ድምፅ ከሰማህ ወደዚያ አትሂድ፤ ገደል አለ።»

ሰምቼ ነበር። ግን ልጅ ነኝ።

በ1984 ዓ.ም. አስር ዓመቴ ነው። ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ የእምዬ ቤት ሌላ ቤት ነው። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይጠራቀማል፣ የሚቀምስ የለም። እኛም ልጆቹ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አንቀምስም። እኔ ግን በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ከቅሉ አሬራ ጠጥቼ ነበር። አንድ ጉንጭ ብል ውሸት ነው። ሦስት ነው።

ከፍልሰታው ባንዱ ቀን የአጎቴ ልጅ ሊቆርብ ሆነ። እኔ በአሬራው ምክንያት መቁረብ ፈርቼ «በጎቹን እኔ እጠብቃለሁ» አልኩ። እምዬ «የኔ ጌታ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ሐፍረቱ ዛሬም አለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። መንዝን የማያውቅ ሰው ጉም ሲባል ጠዋት መንገድ ላይ የሚታየው ስስ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይኼ እንደዚያ አይደለም። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የምትፈልግበት ነው። በጎቹን ሰብስቤ ወደ ቤት ልነዳ ስል አንዲት ግልገል ጎደለች። ስትጮህ እሰማታለሁ፣ አላያትም። ሌሎቹን ትቼ ተከተልኳት።

በጎቹ ቤታቸውን ያውቃሉ። ብቻቸውን ገቡ። እኔ አላወቅኩም።

ግልገሏ ዝም አለች። ስዞር መምጫዬ ጠፋኝ። ዝናቡ ቀጭን ነው፣ ብርኖሴ ርሶ ከበደኝ። ብዙ ሄድኩ። አንድ ረጅም ሰውዬ ቆሞ አየሁ። «ጋሼ!» አልኩ። አይመልስም። ስጠጋው ጅብራ ነው፣ የደጋው ረጅም ተክል። ጅብራን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በጉም ውስጥ ካባ የለበሰ ሰው ይመስላል። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። አባታችን ሆይ ጀምሬ መሐል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋኝ። በመጨረሻ የራሴን ጸሎት አደረግኩ፦ «ኪዳነ ምሕረት፣ አሬራውን ሁለተኛ አልጠጣም። ቤት አድርሺኝ።»

ወዲያው ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች መሰሉኝ። ቃሉ አይለይም እንጂ የሰው ጨዋታ ነው፤ አንዱ ጉርምርም ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሴት የምትመስል ድምፅ ትስቃለች። ወደ ድምፁ መራመድ ጀመርኩ። ሣሩ አለቀና ድንጋይ ሆነ። ነፋስ ከታች ወደ ላይ ፊቴን መታኝ። ነፋስ ከታች ለምን እንደሚመጣ አላሰብኩም።

ያኔ ከኋላዬ ደወል ተመታ።

የአጥቢያችን ኪዳነ ምሕረት ያኔ የብረት ደወል አልነበራትም። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጠፍር ተሰቅለው በሌላ ድንጋይ ይመታሉ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን ሩቅ ይሄዳል። ቅዳሴ ከወጣ ቆይቷል፤ ያለ ሰዓቱ መደወሉ ገረመኝ። ቆምኩ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አያቋርጥም። የሰዎቹን ጨዋታ ትቼ ዞርኩ።

ነፋሱ ሲዞር ደወሉ ይጠፋብኛል። ሲጠፋብኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመለስ እሄዳለሁ። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስደርስ ጨልሟል፣ የአገሩ ሰው ግማሹ ችቦ ይዞ ቆሟል። ያለ ሰዓቱ ደወል ሲሰማ እሳት ወይም ሽፍታ ነው ብሎ የወጣ ነው። እምዬ በደጀ ሰላሙ በጉልበቷ ናት። ስታየኝ አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል «አሬራ ጠጥቻለሁ» የሚል ነበር። ከሰዉ መሐል የሳቀ ነበር። እምዬ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎቹ ብቻቸውን ጉረኖ ሲገቡ እምዬ ቆጠረቻቸው። አንዲት ግልገልና አንድ ልጅ ጎደሉ። ወንዶቹ ፍለጋ ወጡ፣ በጉሙ እነሱም እርስ በርስ ተጠፋፉ። እሷ ወደ ኪዳነ ምሕረት ሮጠች። እዚያ አንድ ወጣት ዲያቆን አገኘች። «ልጄ እስኪመለስ ምታው» አለችው። መታው። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ እስኪፈነዳ መታው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ያዳነህ ዲያቆኑ ነዋ!» አለኝ። ዲያቆኑን ጠይቁት። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቹ ዘንድ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ጉሙ አስፈራውና ቀረ። እኔን ገደል ሊከተኝ የነበረው ያው ጉም እሱን ደወሉ ስር አስቀመጠው። እኔ ይህን በሌላ ስም ልጠራው አልችልም።

በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ አባባ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ዱካዬ ጭቃው ላይ አለ። ጭቃው አልቆ ድንጋዩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመና ወደ ጠርዙ ተራመደ፣ እየቆጠረ። አስራ አራት እርምጃ። ጠርዙ ላይ የጭላዳ ፋንድያ ነው። «ሲያወሩ ሰማኋቸው» አልኩት። አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ ምንም አላለም።

ግልገሏ አልተገኘችም። የምመሰክር ከሆነ ይህንንም መናገር አለብኝ።

እምዬ በዚያች ማታ የተሳለችውን የነገረችኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ልታርፍ ጥቂት ወራት ሲቀራት። «ልጄን መልሺልኝ፣ የብረት ደወል አስገባልሻለሁ ብያታለሁ» አለችኝ። ሱፍ ፈትላ እየሸጠች ያጠራቀመችው አንድ ዓመት ለመድኃኒት፣ አንድ ዓመት ለተዝካር ይወጣል። «እንግዲህ ያንተ ነው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ቤት ኪራይ፣ ሰርግ፣ ልጅ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ... አስራ ሁለት ዓመት አለፈ። ደወሉን የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ይዤው ወጣሁ። ረዳቱ «ዕቃ ይከፈልበታል» አለ። የስለት መሆኑን ስነግረው ጆንያውን ሳመና ከወንበሬ ስር ራሱ አስገባው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይደውላል። ከጣርማ በር ወዲያ ተሳፋሪው ሁሉ በተደወለ ቁጥር ማማተብ ጀመረ።

ነሐሴ 16 ለንግሡ አስገባሁት። ያ ዲያቆን አሁን ቄስ ናቸው፣ ፂማቸው ነጭ ሆኗል። ደወሉን ባርከው ከድንጋዩ አጠገብ አሰቀሉት። «ድንጋዩ ይውረድ?» ብሎ አንድ ወጣት ጠየቃቸው። «ይቀመጥ፣ ለጉም ቀን እሱ ይሻላል» አሉት።

መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል አገጬን በጣታቸው ቀና አድርገው አዩኝ። «ያ የጠፋው ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«አሬራውን ተውከው?»

«በፍልሰታ ብቻ፣ አባቴ» አልኳቸው።