የምገዛው ዝገቱን ሳይሆን ብረቱን አይቼ ነው

አሮጌ የእጅ መሣሪያ የምሰበስበው ልሠራበት ነው። መሮ፣ መላጊያ፣ መጋዝ፣ ሁሉም ተስሎ እንጨት ካልነካ ቤት አላስቀምጠውም።

ብዙ ሰው ዝገት ሲያይ ይሸሻል። ላይ ላዩን የያዘ ቀይ ዝገት ግን ይለቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ብረቱን በልቶ የቦረቦረው ነው። መሮ ሳነሳ ወዲያው ገልብጬ ጠፍጣፋ ጀርባውን አያለሁ። እዚያ፣ ጫፉ አጠገብ ከተቦረቦረ ንጹሕ ስለት አይወጣውም። ጫፉ ወደ ሰማያዊ ካደላም እጠራጠራለሁ። በሞተር ሲሳል ግሎ ጥንካሬውን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቢስሉትም ቶሎ ይደንዛል። የተሰበረ እጀታ ግን ከመግዛት አያግደኝም፤ እንጨት ይተካል።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶ ይበቃኛል። ነክሬ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ፈግፍጌ፣ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥኩበት ውኃ አጥቤ ወዲያው አደርቀዋለሁ። እርጥብ የቀረ ንጹሕ ብረት ዓይናችን እያየ መልሶ ይዝጋል። ስለዚህ እንደደረቀ ዘይት እቀባዋለሁ። አቼቶው ውስጥ ለቀናት መርሳት ደግሞ ጤነኛውንም ብረት ያስበላል።

ዋናው ሥራ መሳል ነው። እዚህ ላይ ጊዜዬን አልሰስትም። ስለት የሚፈጠረው ሁለት ገጾች ሲገናኙ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ድንጋዩ ላይ አስተካክላለሁ። ከዚያ ሰያፍ ፊቱን በ25 ዲግሪ አወጣና ጫፉን ብቻ በ30 ዲግሪ እጨርሳለሁ። ሻካራው ድንጋይ ላይ ስስል፣ በጀርባው በኩል ቀጭን የብረት ሽራፊ ጣቴን እስኪይዘኝ ድረስ ወደ ለስላሳው አልሄድም። ብዙ ጀማሪ የሚሳነፈው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሽራፊው ሳይወጣ ድንጋይ መቀየር ልፋት ብቻ ነው። የምፈትነው በለስላሳ እንጨት ቁራጭ ጫፍ ላይ ነው። ደነዝ መሮ የእንጨቱን ቃጫ ይጨፈልቀዋል። ስል መሮ ግን የሚያብረቀርቅ ገጽ ትቶ ያልፋል። ያንን ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ለልፋቱ ሁሉ ይበቃኛል።

መጋዝ ላይ ሞረድ ከማሳረፌ በፊት ጥርሱን በደንብ አያለሁ። በቃጫው አቅጣጫ የሚሰነጥቀው መጋዝ ጥርሱ እንደ ትንንሽ መሮ ነው፤ ቃጫውን አቋርጦ የሚቆርጠው ደግሞ ጫፉ ሹል ነው። የሁለቱም አሞራረድ ይለያያል።

እጀታዎቹን በተልባ ዘይት አሻለሁ። የተጠቀምኩበትን ጨርቅ ግን ጨባብጬ አልጥልም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።